«ሰፊ ነህ»

ደራሲ ያደረገኝ ቂም ነው።

የመጀመሪያ ታሪኬን ለጋዜጣ አዘጋጁ ለአምሳሉ የሰጠሁት ከስፌት መኪናዬ ተነስቼ ሮጬ ነው። ለካ ሜትሩን አንገቴ ላይ ረስቼው ኖሯል። በሳምንቱ ጽሑፌ ተመለሰ። አናቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ለጋዜጣ ዓምድ አትሆንም። ሰፊ ነህ፤ ሥራህን ቀጥል» ይላል።

ደሜ ፈላ። ቆይ፣ አሳይሃለሁ አልኩ። ሱሪ ሳሳጥር፣ ዚፕ ስቀይር እውልና እቤቴ ገብቼ እጽፋለሁ። ሲታክተኝ ያቺን ወረቀት አወጣና አነባታለሁ። ንዴቴ ይነሳል፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ። በዚህ ሁኔታ ስንት ዓመት!

ልቦለዴ ሲወጣ አገር ተሻማበት። በተለይ አንባቢውን በሳቅ የገደለው ምቀኛና ደንቆሮ አዘጋጅ ስሙ አምሳሉ ነው። መላጣውም ሳሉም የራሱ የአምሳሉ ነው።

ለምርቃቱ ጠራሁት። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መድረክ ላይ አወጣሁትና ወረቀቷን ሰጠሁት።

«ጋሼ፣ ያኔ የጻፉልኝን ለሕዝቡ ያንብቡልኝ።»

መነጽሩን አደረገ። «ለጋዜጣ ዓምድ አትሆንም» ብሎ ጀመረ። ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሰፊ ነህ!» አለ፤ «ፊ»ን አጥብቆ፣ ልክ ሰፊ ሜዳ፣ ሰፊ ባሕር እንደሚባለው። «ሥራህን ቀጥል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ወረቀቷን ተቀብዬ እንደገና አነበብኳት።

ጋሽ አምሳሉ መጽሐፌን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ይቅርታ ልጄ፣ ገና አላነበብኩትም። ዛሬ ማታ እጀምረዋለሁ።»