ሠላሳ ሰባተኛው

ሰዓት ሠሪው የአሮጌ ካሜራውን የፊልም ማጠንጠኛ በአውራ ጣቱ ሳበው። ምንም ሳያስቸግር ተሳበለትና ቁጥሩ ሠላሳ ሰባት ላይ ቆመ። ፊልሙ ግን ሠላሳ ስድስት ፎቶ ብቻ ነበር የሚያነሳው። «አንዳንዴ ትርፍ ይገኛል» ብሎ ራሱን አጽናንቶ ከፊቱ ያለውን ድልድይ ፎቶ አነሳ፤ እንደገና ሳበ። ሠላሳ ስምንት ሲል ካሜራውን ወደ ዓይኑ አቅርቦ አየው። ካሜራው አናት ላይ ያለችው ትንሽ መዘውር ከፊልሙ ጋር አብራ መዞር ነበረባት። ንቅንቅ አላለችም። ፊልሙ ከመነሻውም በሚስበው ጥርስ ላይ አልተያዘም፤ አንዲትም ፎቶ አልወጣችም ማለት ነው።

የመጀመሪያዋ ፎቶ ሚስቱ ነበረች፤ አምና፣ እዚሁ ማዶ ካለው አረንጓዴ በር አጠገብ፣ ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ። ከሞተች በኋላ የቀረውን ፊልም እንዳያልቅበት እየሰሰተ፣ ሁለቱ አብረው ይሄዱበት የነበረውን የእሁድ መንገድ ብቻውን እየሄደ፣ በሳምንት አንዴ ቢበዛ ነበር የሚያነሳው።

መንገዱን ተሻግሮ በሩ ፊት ቆመ። መደርደሪያ ሙሉ ካሜራዎቹን «ጣውንቶቼ» እያለች ብትቀልድም ጠባያቸውን ከእሱ በላይ ታውቅ ነበር። ያን ቀንም እንደ ወትሮዋ «መዘውሯን አየሃት? ትዞራለች?» ብላው ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ከፊቷ ሳይነቅል፣ «ትዞራለች፤ አንቺ ብቻ ሳቂልኝ» አላት።

«አትዞርም፣ ዓለሜ» አለ አሁን። ከዚያም በእሷ ቁመት ልክ፣ ካሜራውን በሩ ላይ አነጣጥሮ የማንሻውን ቁልፍ ተጫነው።