የጓሮው አፈር

ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል። አንድ ፈረንጅ ሐኪም መቱ መጣና አፈር ይለቅም ጀመር።

ከሶር ወንዝ ዳር፣ ከቡና ሥር፣ ከመቃብር ቦታ ሳይቀር እየቆነጠረ በብልቃጥ ይከታል። በተከራየው ቤት በመስታወት ሳህን ሻጋታ ያበቅላል ተባለ። ደጁ አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ ይሸታል።

«መሬታችንን ሊነጥቅ ነው» አሉ አንዳንዶቹ።

«የሙታን አፈር ለመተት እንጂ ለሌላ አይሆንም» አሉ ሌሎቹ።

ወሬውን የሰማው ቡና ነጋዴው ዲንቃ እንቅልፍ አጣ። ቃሉ የሚደመጥ ሰው ነው። ገበያ መሃል ቆሞ «አፈሩን የሰጠ ነፍሱን ሰጠ!» ሲል ሁሉም አጥሩን አጠበቀ።

በዚህ መሃል ሚስቱ ኡርጌ ወደቀች። የእግሯ ቁስል አመርቅዞ በትኩሳት ነደደች። ዲንቃ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ሐኪሙ ደጅ ተንበረከከ።

«ጌታዬ፣ ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም።»

ሐኪሙ እየተመላለሰ መርፌ ወጋት። ኡርጌ ተነሣች።

«ምን ቢሆን ነው መድኃኒቱ?» አለችው።

«ከሌላ አገር አፈር የተገኘ ነው፣ እትዬ። አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፤ እነሱ የሚያመነጩት ነገር በሽታን ይገድላል። ከዚህ አገር ደግሞ የበለጠ ኃይለኛ ይገኝ ይሆናል።» ወደ ጓሮ ተመለከተ። «እዚያ እንሰቱ ሥር ጠለቅ አድርጌ ብቆፍር?»

የዲንቃ ፊት ጠቆረ። «የፈለጉትን ይጠይቁኝ። ጓሮዬን ግን አይንኩ!»

ሐኪሙ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። ግን ባለፈ ባገደመ ቁጥር በአጥሩ ላይ አንገቱን እያሰገገ እንሰቱን ያያል። ዲንቃም ከውስጥ ሆኖ እሱን ያያል።

በመጨረሻ ዲንቃ በቅሎውን ጭኖ ጎሬ ድረስ ሄደ። «ፈረንጁ አገር ሊያጠፋ ነው» ብሎ ገዥው ፊት ጮኸ። ሐኪሙ እንዲባረር ታዘዘለት።

ልቡ ቀልሎት ሲመለስ ጓሮው በሰው ተሞልቷል። ሐኪሙ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አካፋውን ጥሎ ቆሟል። ኡርጌ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«ነፍሴን ያተረፈልኝን ሰው አፈር ልንፈገው?» አለች። «ቆፍር ያልኩት እኔ ነኝ።»

አንድ ፖሊስ ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ የሰው አጥንት በአቡጀዲ ይሸፍናል።

«ዲንቃ» አለችው፣ «ማን ነው?»