የአዴ ማሪቱ መንገዳገድ

ቡራዩ ላይ አዴ ማሪቱ ጠጪ መሆናቸውን የማያውቅ የለም። በጠራራ ፀሐይ ከባላቸው ክንድ ላይ ተንጠልጥለው ሲንገዳገዱ ያላየ ማን አለ? የእድሩ ሴቶች ድስት እንዳይነኩ ከልክለዋቸዋል። ባላቸው ኦቦ ጉታ ግን የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። የተጣላ ባልና ሚስትም ይሁን የድንበር ክርክር እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ደግነቱ መጠጥ አፋቸው ላይ አያደርሱም፤ የሚጠጣ ሽማግሌ ፊት ማን ይቀመጣል? «ምስኪን፣ እንዴት ቻሏት!» ይላል ሰፈሩ። የሰፈር አፍ መቼ ያርፋል።

ያኔት ወሬውን አላመነችም። ከጭንቅላት ኋላ ያለው ትንሹ አንጎል ሲጎዳ እርምጃንና ማሰብን ምን እንደሚያደርግ የምታጠና ሐኪም ናት፤ ጠብታ ያልቀመሰ ሰው እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ ብዙ አይታለች። ባልና ሚስቱን ወደ ጤና ጣቢያው አስጠራቻቸው።

ተደጋግፈው ገቡ። አዴ ማሪቱ መጀመሪያ ባላቸውን አስቀመጡ፤ አጠገባቸው ተቀምጠውም ክንዳቸውን አልለቀቁም።

«እናቴ፣ በሽታ ከሆነ ለእድሩ ራሴ እነግራለሁ። ስምዎ ይመለሳል» አለች ያኔት።

«ስሜን መልሺ ማን አለሽ? የፈለጉትን ይበሉኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ይሄ በሽታ ፍርድ ያዛባል?»

ያኔት ወንበሯን ወደሳቸው አስጠጋች። ሴትዮዋ ለአእምሯቸው ፈርተዋል።

«ሁሉም ላይ አይደለም። በጥያቄ እናየዋለን።»

«እንግዲያው ሁለታችንንም ጠይቂ።»

ጠየቀቻቸው። አዴ ማሪቱ ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳሉ። ኦቦ ጉታ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ እንደከተቱ፣ እንደ ሽማግሌ ወግ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተቱ፣ ምንም ሳይስቱ መለሱ።

«የሁለታችሁም ማሰብ ደህና ነው» አለች ያኔት።

«ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑ አዴ ማሪቱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አሁን ወለሉ ላይ በተሰመረው መስመር ይራመዱ። ብቻዎን ነው፤ ክንዳቸውን ይልቀቁ።»

«አልለቅም።»

«አይወድቁም፣ እኔ አለሁ።»

አዴ ማሪቱ ባላቸውን አዩ። ኦቦ ጉታ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አዴ ማሪቱ የባላቸውን ክንድ የወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳርፈው ተነሱ። ተረከዛቸውን ከጣታቸው እያገናኙ እስከ መስኮቱ ሄዱ፤ ዞሩ፤ ውልፍት ሳይሉ ተመለሱ።

«አሁን የሱ ተራ ነው፤ ነይ በዚያ በኩል ደግፊው» አሉ። «ውጪ ግን የምንገዳገደው እኔ ነኝ።»