የድመቷ ሽንት ቤት

አብርሆት ማሽኑን ገልብጣ ስታራግፍ የድመቷ ሽንት እስከ ክርኗ ወረደ። እጇን ሳትታጠብ የአከራይዋ የጋሽ ተሰማ ድምፅ ከግቢው ጠራት።

«ቲቸር! ያንን ጉድሽን ይዘሽ ውጪልኝ! ድመቷንም!»

ማሽኑን በአንድ ብብቷ፣ ኮረሪማን በሌላው ታቅፋ ወጣች። ኮረሪማ ድመቷ ናት፤ ስሙ የወጣላት በቀለሟ ነው። ደን ልታጠና ቦንጋ የከረመች አንዲት ፈረንጅ ወደ አገሯ ስትመለስ ድመቷንም፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የድመት ሽንት ቤትም ለአብርሆት ትታላት ሄደች። ድመቷ ተጠቅማ ስትወርድ፣ ማበጠሪያ የመሰለው የማሽኑ ጥርስ ብቻውን ተንቀሳቅሶ ቆሻሻውን ይጠርጋል። መጀመሪያ ሰሞን የግቢው ልጆች ተሰብስበው እንደ ቴሌቪዥን ያዩት ነበር።

ነገር የተበላሸው የፈረንጇ አሸዋ ያለቀ ጊዜ ነው። ያ አሸዋ ሽንት ሲነካው ይጓጉላል፤ አብርሆት ከአናጢ ቤት ለምና ያመጣችው ሰጋቱራ ግን ያሳልፋል። በዚያ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ጥርሱ መሀል ላይ ተገትሮ ይቀራል። ሽንቱ ከሥር አምልጦ፣ በግድግዳው ግርጌ ሾልኮ፣ የጎረቤቷን የሚስራን መስገጃ አረጠበው። አብርሆት መሬት ብትውጣት በወደደች። መስገጃውን በገዛ እጇ አጥባ፣ ይቅርታ ጠይቃ መለሰች። ሚስራም ተቀብላ በሯን ዘጋች።

አሁን ግቢው በሙሉ ወጥቶ ቆሟል። ሚስራ ለሶላት የምትታጠብበትን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ደጃፏ ላይ ናት። የቢሮ ሠራተኛው ዮሴፍ ከረባቱን ሳይፈታ ግድግዳ ተደግፏል። ጋሽ ተሰማ ደግሞ መሀል ላይ፣ ዱላቸውን ይዘው፣ እንደ ዳኛ ተሰይመዋል።

«ተመልከቱ እንግዲህ!» አሉ ማሽኑን በዱላቸው ነካ እያደረጉ። «አራት ቤት ሰው ለአንዲት ሽንት ቤት ወረፋ ይጠብቃል፤ የቲቸር ድመት በኤሌክትሪክ ትሸናለች! አልበቃ ብሏት የሰው ቤት ታበላሻለች!»

ዮሴፍ ሳቀ። ሌሎቹም ተከተሉት። ጋሽ ተሰማን ሳቁ የልብ ልብ ሰጣቸው።

«ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ በዚህ አገር የኔ የምትዪው ዘመድ የለሽ። ለድመት ብለሽ ከሰው ትጣያለሽ? ወይ ድመቷ ዛሬውኑ ወደ ዋጫ ከተማ በሚሄደው መኪና ትሸኝ፣ ወይ አንቺ ቤቴን ልቀቂ።»

አብርሆት ኮረሪማን ወደ ደረቷ አስጠጋች። በመምህር ደመወዝ ሌላ ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም። ድመቷ ከሄደች ደግሞ፣ ማታ በሩን ስትከፍት ቀና ብላ የምታያት ነፍስ አትኖርም። እሺ፣ ትንሽ ቀን ይስጡኝ ልትል አንገቷን ደፋች። አንገቷን ስትደፋ የጋሽ ተሰማን ቦት ጫማ አየች።

ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል። ግቢው ግን አልደረቀም። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ክረምት አጋማሽ ላይ ሞልቶ ገንፍሏል፤ እየተንፏቀቀ በተከራዮቹ ደጃፍ ያልፋል። ሁሉም ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ፣ አፍንጫውን እየያዘ ይገባል፣ ይወጣል። ልቀቁ እንዳይባል የተናገረ የለም። እሷም አልተናገረችም፤ አሁን ትዝ ሲላት በራሷ ተናደደች።

«ጋሽ ተሰማ፣ ቦት ጫማ ያደረጉት ለምንድን ነው?»

ሳቁ ቆመ።

«ምን አልሽ?»

«ዝናብ የለ፣ ጎርፍ የለ። በገዛ ግቢዎ ቦት ጫማ የሚያደርጉት ለምንድን ነው?» ማሽኑን እግራቸው ሥር አስቀመጠችው። «ይቺ ድመት ያፈሰሰችው አንድ ስኒ አይሞላም። አጥፍታለች። አጥቤያለሁ፣ ይቅርታም ጠይቄያለሁ። የእርስዎ ጉድጓድ ግን ይኸው በደጃፋችን ይፈሳል፤ ልጆች ይረግጡታል። እርስዎ ማንን ይቅርታ ጠየቁ?»

የጋሽ ተሰማ ፊት ደም መሰለ። «ማነው ያማረረ? ዮሴፍ፣ አንተ አማርረሃል?»

ዮሴፍ ከረባቱን ነካካ። «እኔ እንኳ... ብዙም አላስቸገረኝም።»

«ሚስራስ?»

ሚስራ በደጃፏ የሚፈሰውን ቁልቁል አየች።

«ይኸው! ካንቺ በቀር የተነካ የለም። ውጪ ከቤቴ!»

«አልወጣም። ድመቷም ዋጫ አትሄድም። ከፈለጉ ቀበሌ ይክሰሱኝ፤ እዚያም የምናገረው ይህንኑ ነው።»

በጩኸቱ የደነበረችው ኮረሪማ ከብብቷ አምልጣ ወረደች። ከፈረንጇ ቤት ጀምሮ አፈር ረግጣ አታውቅም። ዱላውንም ሰውንም ከቁብ ሳትቆጥር መሬቱን አሸተተች፣ በፊት እግሯ ጫር ጫር አደረገች፣ ከዚያ እዚያው መሀል ላይ ቁጢጥ አለች። ስትጨርስ ዞራ አሸተተችውና አፈር ትመልስበት ጀመር። ከቀኝ መለሰች፣ ከግራ መለሰች፤ አሁንም አሸተተች፣ አልረካችም፣ እንደገና ጨመረችበት።

በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ጋሽ ተሰማ ዱላቸውን ወደ ድመቷ አነሱና ሰው ሁሉ እንደሚያያቸው ሲያውቁ ቀስ ብለው አወረዱት።

ሚስራ ማንቆርቆሪያዋን ደጃፏ ላይ አኖረች። ቀሚሷን ሰብስባ፣ የሚፈሰውን ተሻግራ መጣችና ትከሻዋ የአብርሆትን ትከሻ እስኪነካ ተጠግታ ቆመች።

«ጋሽ ተሰማ» አለች፣ «የሽንት ቤት መምጠጫው መኪና ከጅማ የሚመጣው መቼ ነው?»