የበራችን ደወል

ቤታችን አንድ ክፍል ናት። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ጠረጴዛው የእሷ ነው፤ እኔ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ጫፉን አገኘሁ። እዚያች ጫፍ ላይ መበየጃዬን፣ ሽቦዬንና ከተጣሉ ራዲዮኖች የፈታታሁትን ዕቃ ደረደርኩ። «ቆሻሻህ ጨርቄን እንዳይነካ» ብላ ነው የፈቀደችልኝ።

የመጀመሪያ ሥራዬ የበር ደወል ነበር። እሷ ስትሰፋ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ነው፤ በስፌት መኪናው ጩኸት የሚገባ የሚወጣውን አትሰማም። አሁን በሩ ሲከፈት ደወሉ ይጮኻል፤ እሷም ዞር ሳትል «መጣህ?» ትላለች።

ሰሞኑን ግን ደወሉ አመል አወጣ። እኔ ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ በሩ ሳይከፈት እንደገና ይጮኻል።

«አንተ የነካኸው ነገር መቼ ቀንቶ ያውቃል?» አለችኝ።

ዛሬ ከሥራ ድክም ብዬ ገባሁ። ደወሉ ጮኸ።

«መጣህ?»

«መጣሁ። ወገቤ ተቆረጠ እኮ፣ እናት ዓለም።»

ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ደወሉን ከበሩ ነቅዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሽቦውን ቆረጥኩ፤ ባትሪውን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ። ጠረጴዛው ጠባብ ስለሆነ ክርኗ ክርኔን ይነካኛል።

ደወሉ እዚያው እፊቴ ጮኸ።

ባለቤቴ ዓይኗን ከመርፌው አላነሳችም። «መጣህ?» አለች።

«አጠገብሽ አይደለሁ እንዴ?» ልላት አፌን ስከፍት፣ ከበሩ በኩል ጫማ ሲወልቅ ሰማሁ።

«መጣሁ» አለ፣ የእኔው የደከመ ድምፅ። «ወገቤ ተቆረጠ እኮ፣ እናት ዓለም።»