አቶ ባልቻ የነቀሉት ችካል

ውሸት ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ፣ በዓይኔ ያየሁት ነው። ወደ ወልቂጤ ከተማ የሚሄደውን የውኃ ቧንቧ መስመር ልትለካ ቸሃ የመጣችው መሐንዲስ፣ ጀፎረውን፣ ያንን ሰፊ የመንደር የሣር መንገድ፣ ባዶ ሜዳ መስሏት መሃሉ ላይ ችካል ተከለች። የመንደሩ ሽማግሌ አቶ ባልቻ ሄደው ችካሉ ላይ ጉብ አሉበት።

«አባባ፣ ይነሱልኝ እንጂ! ከተማው ተጠማ!» አለች እየተቁነጠነጠች።

«ሙሽራ የምንቀበልበትን፣ ሬሳ የምንሸኝበትን ልትቆፍሪ? ጀፎረ የሁሉም ነው፣ አይነካም!»

«ታዲያ ቧንቧው በአየር ይሂድ?»

ሽማግሌው ተነሡ፣ ችካሉን ነቀሉና ሰባት ዓመት ያሳደጉት፣ ጫፉ ደመና የሚነካ እንሰታቸው መሃል ተከሉት።

«በዚህ ቆፍሪ። ይሄ የኔ ብቻ ነው።» እጃቸው ንቅንቅ አላለም።

ደመናው ሳይቀር እውነት ነው። የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጃቸውስ ተንቀጥቅጧል።