ሽማግሎቹ ሳይቀመጡ

«ሽማግሌ ቢላክብኝ በሦስት ቃል ነው የምሸኘው» ትላለች ሕሊና፣ አልጋው ላይ በብርድ ልብስ ተጀቡና ስልኳን ለጓደኛዋ ለማህደር እያሳየች። «ሁለት መቶ ማንሁዋ፣ ያው የቻይና የሥዕል ልብ ወለድ፣ ስልኬ ላይ ጨርሻለሁ። ልጅቷን መኪና ይገጫታል፤ ስትነቃ ቤተ መንግሥት ውስጥ የአንድ ቀዝቃዛ መስፍን እጮኛ ሆናለች። አዳራሽ መሃል ትቆምና ‹ይህ እጮኝነት ፈርሷል› ትላለች። ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ቀዝቃዛ መስፍን ተንበርክኮ ይለምናታል። አለቀ።»

«መስፍኑ ለምን ቀዘቀዘ?»

«እኔ እንጃ፤ ደባርቅ አድጎ ይሆናላ።»

የግቢው ቆርቆሮ በር ይንኳኳል። ሕሊና በመስኮቱ ሽንቁር ታያለች። ሦስት ሽማግሎች፣ ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ። ከፊት የቤተሰቡ የነፍስ አባት አባ ቴዎፍሎስ። አባቷ ሻረው ደጋግሞ «ተቀመጡ» ቢላቸውም ንቅንቅ አይሉም። ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ የሰባት ዓመት ልጅም ያውቃል።

ለካ ጠዋት አባቷ «ዛሬ ከቤት እንዳትወጪ» ያላት ለዚህ ነው። ለካ አብራቸው የምትኖረው የአባቷ እህት የትናየት ትናንት ሹሩባ የተሠራችው አውቃ ነው። የጎረቤት ልጅ ወርቄም ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ የተዳረችው እንዲህ ባለ ማለዳ ነበር። የዘጠነኛ ክፍል ምዝገባ ደግሞ ሰኞ ነው።

«በይ ውጪ» ትላለች ማህደር። «ሦስት ቃል ነው አይደል ያልሽው?»

ሕሊና ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ እንደገና ትነሳለች። ማንሁዋ ቢሆን ይሄኔ መኪናው ደርሶላት ነበር። ከአስፋልቱ ወደ ሊማሊሞ የሚወርድ የጭነት መኪና ያጓራል፤ እሱ ግን ሰው ከታች ካለችው ዛሪማ አልፎ ቤተ መንግሥት ሲያደርስ ታይቶ አይታወቅም።

«ሻረው ልጄ» ይላሉ አባ ቴዎፍሎስ ከውጭ፣ «የመጣነው የቤትህን ጌጥ ፈልገን ነው።»

ጌጥ ሲባል አላስቻላትም፤ በሩን በርግዳ ትወጣለች። ባንድ እግሯ የራሷን ነጠላ ጫማ፣ በሌላው የአባቷን አጥልቃለች። ብርድ ልብሱ ከኋላዋ እንደ ካባ ይጎተታል።

«ይህ እጮኝነት ፈርሷል» ትላለች። ስትለማመደው ድምፅዋ እንዲህ አይቀጥንም ነበር። «አላገባም። ሰኞ እመዘገባለሁ። የላካችሁ ሰውዬ ከሦስት ዓመት በኋላ ተንበርክኮ ቢመጣም አላየውም።»

አንደኛው ሽማግሌ አፉን በጋቢው ይሸፍናል፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። አባቷ ግንባሩን ይይዛል።

«ልጄ» ይላሉ አባ ቴዎፍሎስ ቀስ ብለው፣ «የላከን የዳባቱ ባለ ወፍጮ ያርጋል ነው። ጉልበቱን ስለሚያመው መንበርከኩ እንኳ ይቅርበት።»

«ያርጋል? ያ አርባ ዓመት ያለፈው? ለእኔ?»

የማድቤቱ በር ይከፈታል። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሙሉ ከጥቁር ያልወጣችው የትናየት ዛሬ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች። ወንድሟ ሻረው እሺ እስኪል አትጠብቅም፤ ወደ እሱም አታይም።

«አንቺን ደግሞ ማን ጠየቀሽ? የመጡት ለእኔ ነው። ቆመው ደከሙ፤ ይልቅ አግዳሚውን አምጪላቸው።»